እስከ መታጠፊያው ይሸኙን የነበሩት ፀጉር አስተካካይ ዕረፍትና በስማቸው የተለጠፈው ማስታወቂያ

«ወንድማችን ለረጅም ዓመታት የጉባኤያችን ታማኝ ተካፋይ ነበሩ። ምንም እንኳ በወንጌል ምስክርነትና ደቀ መዝሙር በማድረግ አገልግሎት ባይሳተፉም፣ በጭምትነታቸውና በሰላማዊ ኑሯቸው አርአያ ሆነው አልፈዋል።»

ይህ ጽሑፍ የጉባኤያችን የወንጌል ስርጭት ክፍል ማኅተም ተደርጎበት ባለፈው እሑድ ከመድረክ ተነብቧል፤ በአዳራሹ መግቢያም ተለጥፏል። እስከ ዛሬ ጠዋት እዚያው ነው።

እኛ የሰኞ ጥናት ኅብረት አባላት፣ መሥራቻችንና አስተማሪያችን የነበሩት፣ ብዙዎች «ጋሽ ጭምቱ» እያሉ የሚጠሯቸው ፀጉር አስተካካይ በልብ ሕመም ምክንያት በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 20 ቀን ማረፋቸውን የምንገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። ሐዘኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልቅሰን ዝም እንል ነበር። አሁን ግን በሐዘኑ ላይ ይህን መጻፍ ተጨመረብን። ደክሞናል። ቢሆንም በጽሑፍ የተባለ ነገር የሚታረመው በጽሑፍ ነውና ለአባሎቻችን፣ ለጉባኤውና ለሚመለከተው ሁሉ የሚከተለውን እናስታውቃለን።

ወንድማችን በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ሙያና አንድ ሱቅ ነበራቸው። ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ በጫማ ጠጋኝና በፎቶ ቤት መካከል ይገኛል። በውስጡ ሁለት የመስተካከያ ወንበሮች፣ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት፣ ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ በበሩ ጀርባ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ሽርጥ አለ። ግድግዳው ላይ ምንም ጥቅስ አልተሰቀለም። ይህንንም የወንጌል ስርጭት ክፍሉ እንደ ጉድለት ቆጥሮባቸው ያውቃል።

በ1991 ዓ.ም. ሱቁን ሲከፍቱ ለራሳቸው አንድ ደንብ አወጡ፤ እስከ መጨረሻውም አላፈረሱትም። ደንበኛ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ እስካለ ድረስ ስለ እምነት አያናግሩትም። ለምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው ያው ነበር፤ «ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ለሁሉም ነገር እሺ ይላል። እንዲህ ያለ እሺ ለጌታ አይሆንም።» ጨርቁ ተፈትቶ፣ ፀጉሩ ተራግፎ ደንበኛው ሲነሣ ግን ሽርጣቸውን በበሩ ጀርባ ሰቅለው «ና ልሸኝህ» ይሉታል። የሚሸኙት እስከ መንገዱ መታጠፊያ ነው። ስለ ክርስቶስ የሚናገሩት እዚያ ነበር፤ ጎን ለጎን እየተራመዱ፣ ሰውየው ካልጣመው ጥሏቸው መሄድ በሚችልበት ቦታ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ያጉረመርሙባቸው ነበር። «ጋሼ፣ ሚስትህን እንኳ እንዲህ አትሸኝም» ያላቸው አለ። «እሷ ወዴትም አትሄድብኝም» አሉት።

ሱቁ ከተከፈተ ወዲህ በዚህ አካሄድ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ወደ እምነት የመጣው የመጀመሪያው ሰው ጎረቤታቸው ጫማ ጠጋኙ ነው። ሱቆቻቸው ግድግዳ ስለሚጋሩ እሱን የሚሸኙበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱም እስከ መታጠፊያው ይሄዱና አብረው ይመለሱ ነበር። ሰፈሩ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው ሲል ከረመ። ጫማ ጠጋኙ ዛሬ የኅብረታችን ሰብሳቢ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ፀጉር ቤቱ በሚዘጋበት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኅብረታችንን በዚያው ሱቅ መሠረቱ። ሰው ሲያምን ሥራው ተጀመረ እንጂ አለቀ ብለው አያውቁም። እንዴት እንደሚጸለይ፣ ቂም እንዴት እንደሚተው፣ ከሚስት ጋር ተኳርፎ እንዴት እንደማይታደር፣ ለአለቃ እንዴት እንደማይዋሽ ከቃሉ አስተምረውናል። ያልገባው ካለ ለሁላችንም እንደገና ይጀምሩልናል፤ ፈጣኖቻችን በዚህ ብዙ ተናደናል። ከቆየን በኋላ ደግሞ ማንም የማያመልጠው ጥያቄ ይመጣል፤ «አንተስ ማንን እየሸኘህ ነው?» መልስ ከሌለን አይቆጡም፤ በሚቀጥለው ሰኞ ግን ይጠይቁናል።

ዛሬ በሱቁ ከምንሰበሰበው ግማሽ ያህላችን ጋሽ ጭምቱ የሸኙን አይደለንም። እሳቸው የሸኟቸው ሰዎች የሸኙን ነን። ክፍሉ «ደቀ መዝሙር ማድረግ» የሚለውን ቃል በምን ትርጉም እየተጠቀመበት እንደሆነ ሊያስረዳን ይገባል።

በ2006 ዓ.ም. ክፍሉ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንዲታደል አንድ ካርቶን በራሪ ጽሑፍ ወደ ሱቁ ላከ። ወንድማችን አላደሉትም። አግዳሚው ላይ ለተራ ጠባቂዎች ከሚቀመጠው ጋዜጣ አጠገብ አድርገው የፈለገ እንዲያነሣ ተዉት። የክፍሉ ኃላፊ በዚያው ሱቅ ለዓመታት ሲስተካከሉ ስለ እምነት አንዲት ቃል እንዳልሰሙ በየስብሰባው ተናግረዋል። እውነታቸውን ነው፤ አልሰሙም። ጨርቁ አንገታቸው ላይ ነበር። ጨርቁ ሲፈታ ደግሞ መኪናቸው ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ጋሽ ጭምቱ ሽርጣቸውን ሰቅለው ዞር እስኪሉ መኪናው ሄዷል። ባለፈው እሑድ የተነበበው ዓረፍተ ነገር የተገኘው ከዚያ ወንበር ላይ ነው። ለመጻፍ ከመቸኮል በፊት ጫማ ጠጋኙን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ከአዳራሹ ሩቅ አይደለም።

ጌታ ተከታዮቹን ሂዱ ብሎ ሲልክ መድረክ ያላቸውን ብቻ አልላከም። ምላጭ የያዘውንም፣ የመኪና መሪ የያዘውንም፣ መርፌ የያዘችውንም ልኳል። የላካቸውም ሰሚ እንዲያበዙ ሳይሆን እሱን የሚከተሉ ሰዎች እንዲያፈሩ ነው። በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ እጁን ያነሣውን ሕዝብ ብዛት ከመድረክ ስንሰማ ዓመታት አልፈዋል። በዓመቱ እነዚያ ሰዎች የት ደረሱ ብለን ስንጠይቅ «ጌታ ያውቃቸዋል» ተባልን። ያውቃቸዋል፤ ግን አደራው የተሰጠው ለእኛ ነበር። ይህን መጠየቅ ራሱ አድክሞናል። ጋሽ ጭምቱ አይጠይቁም ነበር፤ ሽርጣቸውን ሰቅለው ይሄዱ ነበር።

ወንድማችን ላለፉት ሁለት ዓመታት ይሸኙት የነበረው ሰው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ጋሼ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳደርስ ነው የምውለው፤ እኔን የሚያደርስ ደግሞ ከየት መጣ?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ቀስ በቀስ ሰኞ ሰኞ መምጣት ጀመረ። ባለፈው ወር አምኖ ለመጠመቅ ወሰነ፤ ቀኑም ለሚያዝያ 12 ተቆረጠ። ጋሽ ጭምቱ ይህን በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙና «አታጣድፉት፣ ብቻውን ግን አትተዉት» አሉን። የሰጡን የመጨረሻ አደራ ይኸው ነው።

ሾፌሩ ወደ አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ባለፈው እሑድ ነው። የመጣው ስለ ጋሽ ጭምቱ የሚባለውን ለመስማት ነበር፤ የተባለውንም ሰማ። በማግስቱ ሰኞ ወደ ሱቁ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ግባ ብንለው አልገባም።

«እሱ ካልመሰከረ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማ የከረምኩት ምንድን ነው? ወሬ ነው?» አለን።

ጫማ ጠጋኙ «ወረቀት ነው፣ ወንድሜ፤ ተወው» ቢለው፣

«እናንተ ተዉት። እኔን እስከ መታጠፊያው ስንት ጊዜ ሸኘኝ፤ እኔ እሱን የሸኘሁት አንዴ ነው፣ እሱም ወደ መቃብር። ያ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ሳለ ከሥሩ አልፌ አልጠመቅም» ብሎ ሄደ።

ጫማ ጠጋኙ ተከትሎት ወጣ። እስከ መታጠፊያው አብረው ሄዱ።

ለውድ ባለቤታቸው፣ በሕመማቸው ጊዜ ከአጠገባቸው ላልተለየችው ነርስ ልጃቸው፣ ለወንድሞቻቸው፣ ለጎረቤት ባለሱቆች፣ ለሙያ ባልደረቦቻቸውና ዛሬ ማን እንደሚያስተካክላቸው ግራ ለገባቸው ደንበኞቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ባለቤታቸው ስለ ማስታወቂያው ሲሰሙ «ተዉት፤ እሱ ቢኖር ይስቅ ነበር» ብለውናል። ቀጥለውም «እኔንም ወደ ጌታ ያመጣኝ ቤቴ ድረስ እየሸኘ ነው። እናቴ ለሌላ ጉዳይ መስሏት ነበር። አልተሳሳተችም» አሉ። በለቅሶው መካከል የሳቅነው ያኔ ነው። እሳቸው ይቅር ብለዋል፤ ይቅርታው የእሳቸው ነው። እኛ ግን የተሰጠን አደራ አለ፤ ሾፌሩ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቆሟል።

ስለዚህ የወንጌል ስርጭት ክፍሉ ማስታወቂያውን ከአዳራሹ መግቢያ እንዲያነሣና በሚመጣው እሑድ፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ስህተቱን አርሞ እንዲያነብ እንጠይቃለን። በእርማቱ ውስጥ ሙገሳ አንፈልግም። ወንድማችን በወንጌል ምስክርነትና ደቀ መዝሙር በማድረግ አገልግሎት ዕድሜያቸውን ሙሉ መሳተፋቸውን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «አለመግባባት ተፈጥሯል» የሚል ቃል ከገባበት እንመልሰዋለን።

ክፍሉ ይህን መፈጸሙን፣ የማይፈጽም ከሆነም ምክንያቱን፣ በኃላፊው ፊርማ በጽሑፍ እስከ ሚያዝያ 8 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን። መልሱ የሚቀርበው በሱቁ ነው፤ ከእኛ አንዱ እዚያ አይጠፋም። ይዞት የሚመጣው ሰው መኪናውን በር ላይ ሳይሆን መታጠፊያው ጋ ያቁም፤ ስንሸኘው የምንሄድበት መንገድ እንዲኖረን።

የሰኞ ጥናት ኅብረት