ስለ ሥራ አስኪያጃችን የውስጥ ድምፅ አድራሻ

ለተከበሩ የልብስ ማጠቢያ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከነሙሉ አክብሮቴ አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ትከሻዎስ ተሻለው? እኔ እንደነበርኩ ነኝ፣ ከእውቀቴ በስተቀር፤ እሱ በየቀኑ ይጨምራል።

አምና በዚህ ጊዜ ለደመወዝ ስሜ ሲጠራ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ የምነክር ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ መምህርታችንም “እንዳንተ ያለ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም” ብላኛለች፤ እኔ እንደ ሙገሳ ወስጄዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም፤ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲውሉ፣ እንደ እርስዎ አባባል፣ ትስስር ይፈጥራሉ ብዬ ነው።

ማስታወቂያዎን ለሠራተኛው ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔው ነኝ። “መሪ አምኖ ሲወድቅ ቡድኑ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው፤ በወደቅሁባት ቅጽበትም የውስጥ ድምፄ ‘ጠርዙን ያዝ’ ሲለኝ ሰማሁ” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ የመጀመሪያውን አላመኑኝም። እኔም ስለዚህ ድምፅ የማውቀው ነገር ስላለ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቅርቤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

አንደኛ፣ “በእርጋታና በአስተውሎት መምራት” ከተባለው ሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ ስለሚራመዱት የተረጋጋ እርምጃ አመሰግናለሁ። ድሮ ኮቴዎን ከሩቅ ሰምተን እንዘጋጅ ነበር። አሁን እንደ ድመት ከጀርባችን ስለሚደርሱ፣ ሳንወድ በግድ ሁላችንም አስተዋዮች ሆነናል።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተን ስሜታችንን እንድንናገር ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ልብስ ተኳሻችን፣ በሥራው ምክንያት ጄኔራል የምንለው፣ ምን እንደሚሰማው ሲጠይቁት፣ ካውያው ስለሚነዝረው የሚሰማው ንዝረት መሆኑን በትሕትና ገልጾልዎት ነበር። እርስዎም ይህ የዕቃ ጉዳይ እንጂ የስሜት ጉዳይ እንዳልሆነ አስረድተው፣ በአፍንጫው ስቦ በአፉ እንዲያስወጣው መከሩት። ጄኔራል ምክርዎን ተቀብሎ ያስወጣል። ካውያው ግን ገና ሥልጠናውን ስላልወሰደ መንዘሩን አላቆመም።

ሦስተኛው እትዬ ጠርዝን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ እጄ ትንሽ ይከብዳል። ይህን ወረቀት ቆመው ለሚያነቡ የሌላ ክፍል ሰዎች ላስተዋውቃት። እትዬ ጠርዝ የምንላት ከእኔ ጋር አንሶላ ታጥፍ የነበረችውን ታላቃችንን ነው። አንሶላ የሚያዝረከርክ ሰው ካየች ከየትም ሆና “ጠርዙን ያዝ” ስለምትል፣ ስሟ ከዚያው ወጣ። እጄን ጎትታ የማታ ትምህርት ያስገባችኝም እሷ ናት፤ ብቻዬን ከምደነቁር አብረን እንደንቁር ብላ።

አንሶላ በሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው። እኛ በፊደል፣ ጮክ ብለን እየጠራን፣ እናጥፈው ነበር። በ“ሀ” ጠርዝ እንይዛለን፣ በ“ሁ” እንወጥራለን፣ በ“ሂ” ለሁለት እናጥፋለን፣ በ“ሃ” እንደግማለን፣ በ“ሄ” ወደ መሀል መጥተን እንቀራረባለን፣ በ“ህ” ጠርዝ ከጠርዝ እናገጥማለን፣ በ“ሆ” ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። የሚቀጥለው አንሶላ “ለ” ነው። ፊደል የዘለለ ሰው እጅ ላይ አንሶላው ተጣሞ ይቀራል፤ ከመምህርታችን ይልቅ አንሶላ ቁጡ ነው።

እርስዎም በዚያ በተረጋጋ እርምጃዎ ከኋላችን ደረሱና፣ በሥራ ላይ ልብ መሰብሰብ እንዳለበት፣ ጫጫታም መንፈስን እንደሚበትን አስረድተው፣ እትዬ ጠርዝን ያልታጠበ ልብስ ወደሚራገፍበት ክፍል ብቻዋን አዛወሯት። በማግስቱ ደግሞ እኛ የቀረነው እጅ ለእጅ ተያይዘን እንድንተሳሰር አዘዙ። የእሷ ክፍል ሩቅ ስለሆነ ከክቡ ነፃ አወጧት። ቀን ለያይቶ ጠዋት የሚያስተሳስር አመራር በዕድሜዬ አላየሁም፤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

አሁን አንሶላ የማጥፈው አንዱን ጫፍ በአገጬ ይዤ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ ስለ አገጭ የተባለ ነገር ግን እስካሁን አላነበብኩም። ያጠፍኳቸውን ቢያዩዋቸው እንደ ተቆጣ ሰው ግንባር የተኮማተሩ ናቸው። እሱስ ይሁን። እትዬ ጠርዝ ግን “ጸ” ላይ ቆማ ቀርታለች። ማታ ክፍል ስትገባ ድካሙ ያንጎላጃታል፤ ነቅታ የምትማረው በአንሶላው ነበር። ባለፈው ሰሞን ጋሪዋን ተደግፋ፣ “ከግድግዳ ጋር ሳወራ ከምውል፣ ወሩ ሲያልቅ ቤቴ ልግባ” አለችኝ። እንደ ልማዴ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አራተኛው የመውደቅዎ ጉዳይ ነው። እርስዎ በዚያ ጠዋት የምናጥፍበት ጠረጴዛ ላይ ወጡ፤ አሁን ብዙ ጊዜ ባዶ ስለሚሆን ለመውጣት ይመቻል። መሪ ቡድኑን ማመን እንዳለበት፣ ስለዚህም ጀርባዎን ሰጥተው እንደሚወድቁ፣ እኛም እንደምንይዝዎ ተናገሩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ቀጥለው ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን በረጅሙ እንድንተነፍስ አዘዙ። ክፈቱ የሚል ትእዛዝ ግን አልተከተለም። ጄኔራል ከዚያ በፊት በአንድ ዓይኑ ሲያጮልቅ ተገኝቶ፣ ራሱን እያታለለ እንደሆነ በሰው ፊት ተነግሮታል። ስለዚህ የከፈተ ሰው የለም። ከፍተን ከሆነ ዓይናችንን ግንባር ያድርገው።

የሚቀጥለውን የሰማሁት ከእትዬ ጠርዝ ከራሷ ነው፤ እኔ በዚያን ሰዓት በታዛዥነት ላይ ነበርኩ። ያልታጠበ አንሶላ የሞላበትን ጋሪ እየገፋች ወደ ማሽኖቹ ስትመጣ፣ ሥራ አስኪያጅ ከጠረጴዛ ላይ ወደ ኋላ ሲያጋድሉ፣ ከበታቻቸውም ሕዝብ ዓይኑን ጨፍኖ በሰላም ሲተነፍስ አየች። ከክቡ ነፃ ስለወጣች የእሷ ዓይን ክፍት ነበር። ጋሪውን ባላት ጉልበት ሁሉ ገፍታ ከሥርዎ አደረሰችውና፣ ከአፏ ያው የለመደችው ወጣ፤ “ጠርዙን ያዝ።” አንቱታ ለመጨመር ጊዜ ስላልነበራት ይቅር ይበሏት። እርስዎም በእውነቱ ጥሩ ሠራተኛ ይወጣዎት ነበር፤ የጋሪውን ጠርዝ ያዙ።

እኛስ ምን ሆንን ይሉ ይሆናል። ያን ድምፅ ስንሰማ እጃችን ፈቃድ አልጠየቀንም። ዓይናችን እንደተጨፈነ ሁላችንም ሁለት እጃችንን ወደ ፊት ዘርግተን የሌለ አንሶላ ያዝን። እኔማ ወጥሬው ነበር።

ዓይን እንድንከፍት የፈቀዱልን ጋሪው ውስጥ ሆነው ነው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ የትራስ ልብስ ከፊትዎ ላይ አንሥተው ቀና ሲሉ፣ እጁን የዘረጋ ቡድን ከፊትዎ ቆሞ አዩ፤ እንባዎ መጣ። “ይዛችሁኛል” አሉን። ሰው ሲያለቅስ “የለም” ማለት ነውር ስለሆነ እጃችንን እንደዘረጋን ቆየን። እትዬ ጠርዝ ደግሞ ቦታሽን ለቀሽ ምን ታደርጊያለሽ እንዳትባል፣ በመጣችበት ተመልሳ ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሥልጠናው የውስጥ ድምፅዎን እንዲሰሙ አስተምሮዎት ከሆነ፣ ሰምተዋል፤ አድራሻው ላይ ብቻ ትንሽ ተሳስተዋል። የውስጥ ድምፅዎ ያልታጠበ ልብስ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ጋር ስታወራ ትውላለች፤ ወገቧን ያማታል፤ “ጸ” ላይ ደርሳለች፤ ወሩ ሲያልቅም ትሄዳለች።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወሩ ሳያልቅ እትዬ ጠርዝን ወደ አንሶላው ሌላ ጫፍ ይመልሱልኝ። ጫጫታችን ካስቸገረዎት አንድ ቀን መጥተው ጠርዝ ይያዙ። “ሄ” ላይ ሲደርሱ ከፊት ለፊትዎ ካለው ሰው ጋር ይቀራረባሉ፤ ዓይንዎ ክፍት ከሆነ ፊቱን ያዩታል፤ ደክሞት እንደሆነ፣ አኩርፎ እንደሆነ፣ ልጁ ታሞበት እንደሆነ ሳይነግርዎት ያውቃሉ። እኔና እትዬ ጠርዝ ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ይህንኑ ነበር። ትስስር የሚሉት ሌላ ነገር ከሆነ ግን ያስረዱኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁና በጽሑፍ ቢሆን እመርጣለሁ።

የፊደል ገበታን ከዳር እስከ ዳር ያጠናቀቅሁ፣ ከክፍሉ ወንዶች አንደኛ የወጣሁ (ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይቀር ነበር)፣ አንሶላ በአገጬ የማጥፍ፣ ጤናዎንና ረጅም ዕድሜዎን ከልብ የምመኝ፣ እጅግ ታዛዥ ሠራተኛዎ ነኝ።

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ቡድኑ ስላኮራዎት በቅርቡ ደግሞ ከሳሙና መደርደሪያው አናት ላይ ሊወድቁ ማሰብዎን ሰማሁ። እጅግ መልካም ሐሳብ ነው። ወሩ ሳያልቅ ቢያደርጉት ግን ይሻላል። ከዚያ በኋላ የምንቀረው እኛ ብቻ ነን፤ እኛ ደግሞ ጨፍኑ ከተባልን እንጨፍናለን።