ከማታዋ ክኒን ጋር የሚመጣው ወንድም

ሰኞ፣ ግንቦት 9

ክኒኗን ከጋሽ አደሎ ትራስ ስር አገኘኋት። አንሶላ እየቀየርኩ ነበር፤ ተንከባልላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ምራቅ እንኳ አልነካትም። ማየቴን አይተዋል፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

የትላንት ማታዋ ነች ወይ ብላቸው "ነች" አሉ። ሊዋሹኝም አልሞከሩም። ለምን አልኳቸው። ጉሙ ከጫካው ወጥቶ አጥሩን ዘሎ ወደ ግቢያችን ሲገባ ቁጭ ብለው ያዩታል።

እኚህ ሰው እኮ የመጀመሪያ በሽተኛዬ ናቸው። በነርስነት ተመርቄ ዕጣዬ ቦንጋ ሆስፒታል ሲወጣ (ሐዋሳን ነበር የተመኘሁት፣ ይሁን)፣ ገና የጋዎኔ ኪስ ሳይቆሽሽ ከማንኪራ ቀበሌ በቃሬዛ ያመጧቸው እሳቸውን ነው። ማር ቆራጭ ናቸው። ቲቢና ኤችአይቪ ተጋግዘው ቆዳና አጥንት አድርገዋቸው ነበር። የቲቢውን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ፊቴ ሲውጡ ሰንብተው ሳላቸው ረገበ፣ የሌሊቱ ላብ ቀረ። ከዚያ የኤችአይቪዋን ጨመርንላቸው። እሷ በመኝታ ሰዓት የምትዋጥ አንዲት ክኒን ናት። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ወለል አድርጎ ማደር የለም፤ ሁለቱም መዘጋት አለባቸው። አሁን በዚህ አቅማቸው የማታዋን ቢተዉ…

አልጽፈውም።

የዛሬ ድል፦ መስኮቱ እስከ ምሳ ሰዓት ተከፍቶ ቆየ! አስታማሚዎቹ "በሽተኛ በነፋስ ልትጨርሺ ነው" እያሉ ይዘጋሉ፤ እኔ የቲቢ ክፍል አየር ካላገኘ ሁላችንም አለቅን እያልኩ እከፍታለሁ። እንዲህ ስንካሰስ ነው የምንውለው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ነገሩኝ።

ሚስታቸው እትዬ አለሚቱ ቆጮና ጎመን አምጥተው ሲያጎርሷቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅኩም። እሳቸው ናቸው የጀመሩት።

ክኒኗን መዋጥ የጀመሩ ሰሞን ወንድማቸው በሕልማቸው መጣ። ታላቃቸው ነው፤ ከሞተ ብዙ ዘመኑ። ከትልቁ የገተም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ያጨሳል። እሳቸው ከስር ገመዱን ይዘዋል፤ በልጅነታቸው እንደዚያ ነበር የሚሠሩት። የዛፉ ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል አሉኝ፣ በውኑ እንኳ እንዲያ አይታይም። ንቦቹ ይሰማሉ። ከዚያ ወንድምየው ነጩን ማር በቅጠል ጠቅልሎ በገመድ ያወርድና "አደሎ፣ ብላ" ይላል። ሲነቁ አፋቸው ጣፍጧል።

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ይሄማ የመድኃኒቱ ሥራ ነው፣ ቅዠት ሊያመጣ ይችላል ብዬ ነግሬዎት አልነበር አልኳቸው።

አይደለም ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ቅዠት ነው ያልሽኝ። ቅዠት እኔ አውቃለሁ፤ ጅብ ያባርራል፣ ገደል ይጥላል። ይሄ ጥሩ ነው። ጥሩ ከሆነ ከመድኃኒት አይደለም። ከራሱ ከወንድሜ ነው የመጣው።"

እትዬ አለሚቱ ጉርሻውን እንደያዙ ቀሩ። ሙት በሕልም የሰጠህን ከበላህ ይዞህ ይሄዳል፤ ይሄን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው። ታዲያ በሉ ወይ አልኳቸው።

"ገና ነኝ። እጄን ዘርግቼ ነው የነቃሁት። ክኒኗን ከዋጥኩ ግን ይመጣል። ከመጣ እበላለሁ። ታላቄ ነው፤ እንዴት እምቢ እለዋለሁ?"

ስልጠናው ላይ ቅዠት፣ ማዞር፣ ሽፍታ ብለው ጽፈውልናል። ደስ የሚል ነገር ሰውን ሊያስፈራው እንደሚችል ግን ማንም አላነሳልንም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11

ጠዋቱን ሙሉ የቢፒአር፣ የአሠራር ለውጥ የሚሉት ስብሰባ። አለቃዬ ወረቀት ላይ ቀስት ስትስል እኔ ገተም ሳልኩ። ገተም አይቼ አላውቅም።

ዶክተሩን በረንዳ ላይ ያዝኩት። በሌላ አንቀይርላቸውም ወይ? እጃችን ላይ ያለው ሌላው ከቲቢው መድኃኒት ጋር ይጣላል፣ የሚስማማው ይሄው ነው አለኝ። ሕልሙ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ዋናው እንዳያቋርጡ ነው። "ካቆሙ እስከ ክረምቱ መውጫ አይደርሱም" ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን እንደ አየር ጠባይ ነው የሚናገረው።

በእትዬ አለሚቱ በኩል ሞከርኩ። ነገሩን ሁሉ ያውቃሉ፣ እሳቸውም ተመርምረው ነፃ ናቸው፤ ለባላቸው የማይሆኑት የለም። ይረዱኛል ብዬ ነበር። "ሙት እየጠራው እኔ በር ልክፈትለት?" አሉኝ። ጭራሽ ቅዳሜ ከገበያ ከሚመለሱት የማንኪራ ሰዎች ጋር ባላቸውን ይዘው ወደ ቤት ሊሄዱ ነው። ሳሉ ቀንሷል፣ የማር ጊዜ ነው፣ ቀፎዎቹ ባለቤት የላቸውም አሉኝ። እዚያ ከሄዱ ማን ይመልሳቸዋል? ጠዋት የሚያይ የለ፣ ማታ የሚያይ የለ።

ዛሬ አንድ ነገር አሰብኩ፣ ለማንም አልናገረውም። ከዚያች ክኒን አንዷን ውጬ ባየሁ ብዬ ተመኘሁ። አላደርገውም፣ አላበድኩም። ግን ማን ይመጣልኝ ነበር? እኔ የሞተብኝ ሰው እንኳ የለም። ምናልባት ሐዋሳ ትመጣልኝ ነበር፣ ከነሐይቋ።

ጉሙ እስከ ማታ አልተነሣም። ከቤቴ እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ጠፍቶ ዛፎቹ ብቻ በአየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። በዚህ አገር ሕልምን ከውን መለየት ለማንም ቀላል አይደለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12

ምን ልበል! በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ፀሐይ ወጣች። በሽተኞቹን በረንዳው አግዳሚ ላይ አወጣናቸው። እኔ የወንድምየውንና የነጩን ማር ነገር እያነሳሁ ጋሽ አደሎ ላይ ልመናዬን ቀጠልኩ፤ እሳቸው አቀርቅረው፣ እትዬ አለሚቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። ከአግዳሚው ጫፍ እትዬ ዘይነባ ተቀምጠዋል። ገበያ መሃል የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ቤተሰባቸው ድሮ ከወሎ የመጣ ነው። የወር የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ይጠመጥሙታል። ገበያው ከሰማ ማን ከእጄ ጨርቅ ይገዛል ብለው እኔን ሳይቀር አስምለውኛል።

ድንገት እሳቸው ተናገሩ። "እኔ ጋ የመጣችው እናቴ ናት።"

ሁላችንም ዞርን።

"ክኒኗን ስጀምር። ገንፎ ይዛ፤ መሃሉ ላይ ቅቤው የሚዋኝ። ብዪ ትለኛለች።"

ጋሽ አደሎ ቀና አሉ። "በሉ?"

"ባልበላ ትተወኛለች? እናቴን አያውቋትማ። በላሁ እንጂ፣ ሳህኑንም ላስኩት።" ሻርፑን ከፊታቸው ሳብ አድርገው አወረዱት። "ይኸው ጉንጬ። ያኔ ሲያዩኝ መቃብር ቆፋሪ ነበር የሚያስፈልገኝ። ልትወስደኝ ብትፈልግ ያን ጊዜ አንጠልጥላ በሄደች። ከስቼ ብታየኝ አዘነችልኝ፣ አብልታ መለሰችኝ። የእርስዎ ወንድም ማር ተሸክሞ ድረስ መጥቶ እምቢ ይሉታል? ደግሞ ነጭ ማር!"

እትዬ አለሚቱ ግን ማሩን ትተው የሴትዮዋን ፊት ነበር የሚያዩት። "የጨርቅ ሱቋ ዘይነባ አይደሉ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ዘይነባ ሻርፑን ሊመልሱት እጃቸውን አነሱና ተዉት።

"ነኝ። እንግዲህ ካወቁኝ አይቀር፣ ለልጅዎ ሠርግ ሌላ ሱቅ እንዳላይዎ።"

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ አደሎ ናቸው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ተመልሶ ወደ ሳቅ። ከዚያ ተነሥተው ወደ አልጋቸው ገቡ።

መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው እትዬ ዘይነባ ጆሮዬ ስር መጡ። "እናቴ አሁንማ አትመጣም" አሉኝ። "ያኔ ሰሞን ብቻ ነበር። ለሰውዬው እንዳትነግሪው።" ዓይናቸውን በሻርፑ ጫፍ ጠርገው ወጡ፤ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ።

አርብ፣ ግንቦት 13

ጋሽ አደሎ ቀኑን እንደ ወትሮው ዋሉ። የቲቢውን ዋጡ፣ ቆጯቸውን በሉ፣ ሙቀታቸውን ለካሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ እትዬ አለሚቱ ዘጉ።

ጋዎኔን አውልቄ ልወጣ ስል ጠሩኝ። "ሲስተር፣ የማታዋን ለአለሚቱ ትስጥልኝ በያት ለተረኛዋ። ከእሷ እጅ ነው የምውጠው።"

እትዬ አለሚቱ ወለሉን ያያሉ። ይሰጣሉ ወይ ስላቸው አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንባቸው ግን እየወረደ ነው።

በደስታ መዝለል ነበረብኝ አይደል? መንገድ ላይ ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። እኚህ ሰው ገና ደካማ ናቸው። በዚህ ሰሞን ምንም ነገር ሊያገኛቸው ይችላል፤ ሳንባ ነው፣ ልብ ነው፣ ምን አውቃለሁ። ዛሬ ሌሊት በሌላ ምክንያት አንድ ነገር ቢሆኑስ? ማር በልቶ ሄደ ነው የሚባለው። ከማንኪራ ከዚያ በኋላ ማንም ይህቺን ክኒን አፉ ውስጥ አይከታትም። እትዬ አለሚቱም በገዛ እጄ ሰጠሁት እያሉ ይኖራሉ። እኔ ነኝ የወተወትኳቸው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጸለይኩ፤ ጸሎቱ ተምታታብኝ። ለእግዚአብሔር ጀምሬ ለወንድማቸው ጨረስኩት። አብላውና መልሰው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

ዕረፍቴ ነበር። ገና ሲነጋጋ ሄድኩ። ባጃጅ አጣሁ፣ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ነጠቀኝ።

እትዬ አለሚቱ አልጋው አጠገብ የሉም። መስኮቱ ተዘግቷል። ጋሽ አደሎ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ብርድ ልብሱ እስከ አናታቸው ተስቦ፣ አይንቀሳቀሱም። የሌሎቹ በሽተኞች ትንፋሽ ይሰማኛል፣ የእሳቸው አይሰማኝም። ነርስ ነኝ፤ ሄጄ መንካት ነው። እግሬ ግን በሩ ላይ ቀረ። ከዚያ እንደምንም ደርሼ ትከሻቸውን ያዝኩ።

"ምነው" አሉ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ በእንቅልፍ ድምፅ። "ምነው ትንሽ ብትቆዪ። ሁለተኛውን ቀፎ ገና እያጨሰልኝ ነበር።"

አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አልኩ። ሳቅኩ ይሁን አለቀስኩ እንጃ። ትኩስ ናቸው፣ ሕያው ናቸው፣ ተቆጥተውኛል። እትዬ አለሚቱ ከቧንቧው ውኃ ይዘው ገቡና ሌሊቱን እጃቸውን በባላቸው ደረት ላይ አድርገው እንዳደሩ፣ ሊነጋ ሲል "ራበኝ" ብሎ እንደቀሰቀሳቸው፣ አጉርሰውት መልሶ እንደተኛ ነገሩኝ። ለገበያ ተመላሾቹም መልእክት ይልካሉ፤ ቀፎውን የአጎት ልጅ ይይልን፣ እኛ ሐኪሙ ሂዱ ሲለን ነው የምንሄደው።

ጋሽ አደሎ ቀና ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ እስከ ዛሬ አይቼው የማላውቀው ነገር አለ፤ የጠገበ ሰው ፊት።

"ሲስተር፣ ሁሌ ይመጣል?"

እትዬ ዘይነባ ያሉኝ ትዝ አለኝ። አትንገሪው ብለውኛል። ግን እኚህ ሰው ትራሳቸው ስር ስለነበረችው ክኒን ስጠይቃቸው እንኳ አልዋሹኝም።

"ለጥቂት ሳምንት ነው፣ ጋሽ አደሎ። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ክኒኗ ግን ትቀጥላለች።"

ከደጅ ዝናቡ አባርቷል። ከዚያ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"እንግዲያስ ቶሎ ቶሎ ልብላ" አሉ።