አስሊ ጆሮዋን የለጠፈችበት ካርቶን

ለምወድሽ እናቴ ለናስራ፣

አሰላሙ አለይኪ ወረህመቱላህ። እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ምግብስ ትቀምሻለሽ? ዘንድሮ የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አካሌ ደህና ነው።

እንደምታውቂው እዚህ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ አብሺር ጌም መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። የሱቃችን ጭንቅ ሁሌም አንድ ነው፤ ከጌም ማጫወቻዎቹ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ ወይስ ኔንቲንዶ፣ ገበያውን የሚያሸንፈው የትኛው ነው? የተሳሳተውን ያስመጣ ዕቃው ይቆምበታል። ባለሱቁ አብሺር ግን ተሳስቶ አያውቅም። የምትነግረው ሚስቱ አስሊ ናት። ጌም በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ያልተከፈቱትን ካርቶኖች ታስደረድርና በየተራ ጆሮዋን ትለጥፋለች። "ልጆች የሚስቁት እዚህኛው ውስጥ ነው" ካለች በቃ፣ እሱ ነው የሚሸጠው። እኔ እስቅባት ነበር።

ባለፈው ሰሞን አዲሱ ኔንቲንዶ ሲመጣ ጆሮዋን አስጠጋችና ፊቷ አመድ መሰለ። "ዛሬ ልጆች አይደሉም፤ አንዲት ሴት ናት" አለች በሶማሊኛ። አብሺር ምን እንደምትል ጠየቃት። እሷም እየተንተባተበች፣ "ጭራሮዬ፣ ራትህ ቀዘቀዘ" አለች። በአማርኛ! እማዬ፣ አስሊ አማርኛ አታውቅም። ጭራሮዬ ብሎ የሚጠራኝም ካንቺ በቀር ማንም የለም። አስሊ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ "ለምን አትመልስላትም?" አለችኝ።

ወዲያው ደወልኩ። እህቴ ኢፍቱ ልትሸሽግብኝ ሞክራ ሲያቅታት አለቀሰች። በትኩሳት ተኝተሽ ማታ ማታ ያንኑ ቃል እንደምትደጋግሚ፣ እንዳትነግረኝም እንዳስማልሻት ነገረችኝ። ምነው እማዬ? ያን ቀን ልነሳ ስል አብሺር ተኪ ሰው እስካገኝ ታገሠኝ ብሎ ለመነኝ።

እሱ እንደሆነ ነጋዴ ነው፤ ኔንቲንዶውን ከየጅምላ ሻጩ ሰበሰበ። ሰዉ ተሻማበት፤ ሌሎቹ መደርደሪያ ላይ ቀሩ። አስሊ ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልረገጠችም። ያቺ ካርቶን ብቻ አልተሸጠችም፤ ገዢው ያነሳትና መልሶ ያስቀምጣታል።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሳለሁ እኔው ጆሮዬን ለጠፍኩባት። ጸጥ። ትንፋሽ እንኳ የለም። ስትጠሪኝ ከደነገጥኩት ይልቅ በዝምታሽ የደነገጥኩት ይብሳል። ለኢፍቱ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ከእንግዲህ ተኪ አልጠብቅም። ሾፌሩ ፈይሳ አሁን ወደ አገር ቤት ስለሚነሳ ይህን ይዞልሽ ይመጣል፤ እኔም ነገ ቁልፉን አስረክቤ ኢንሻአላህ እከተለዋለሁ። እስክደርስ ድረስ ጥሪኝ እንጂ ዝም አትበዪ።

ለኢፍቱ፣ ለልጇ ለቲቲ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሸዋዬም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ልጅሽ ሃሩን
ሐርጌሳ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.