ከቀጭን ውሃ ተራራ ላይ ስለተነሣችው ንብርብር

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦችም የሰኔው ጭጋግ ሳይጎዳችሁ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። እኛ ቀጭን ውሃ አጠገብ የቀረነው ሰዎች መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን፤ ገብሱም ተዘርቷል፣ በጎቹም አሉ፤ ከእኛ የጎደለ ነገር ቢኖር እርስዎ ዘንድ ያለው ብቻ ነው። ስሜ ፍቅረ ሥላሴ ወዳጆ ሲሆን፣ ልጄ ስንታየሁ ስድስተኛ ክፍል ትማራለች። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍሁት እርስዎን ለመድፈር አይደለም፤ በታሸገ ፖስታ የላክሁልዎ ማመልከቻዎች ብርዱን ፈርተው ይሁን ሌላ፣ ከፖስታቸው ሊወጡ ስላልቻሉ ነው።

ነገሩን እርስዎ ቢያውቁትም ለሚያነበው ሰው ማስረዳት ይገባኛል። አምና በሐምሌ፣ በዘመሮ ገበያ ቀን፣ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንሸራቶ ቀጭን ውሃ የሚባለውን ሰፈር ይዞት ወረደ። አብዛኛው ሰው ገበያ ስለነበር ተረፈ፤ የአማከለች ልጅ ሰርካለም ግን ቤት ጠባቂ ሆና ቀርታ ነበር። አገር ምድሩ ዶማ ይዞ ቆፈረ፣ ልጅቷ አልተገኘችም። እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና፣ የልጇን ሬሳ ያላየች እናት እርሟን እንደማታወጣ አይጠፋዎትም። አማከለች ባልቴት ናት፤ ያለቻት እሷ ብቻ ነበረች። አንዲት ዘለላ እንባ ሳታፈስ፣ ምሳ በደረሰ ቁጥር ለሁለት ሰው እየቆረሰች ከረመች።

ኋላ እርዳታ መጣና ቤት ለፈረሰበት ሁሉ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ታደለ። አዳዮቹ በአማከለች ቤት ስንት ሰው አለ ብለው ሲጠይቁ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደ ጻድቅ ልማድ ሆኖባቸው ሁለት ብለው መለሱ። ከንፈራቸውን ቢነክሱም ፍራሹ ወርዶ ነበር፤ ማንም ደፍሮ መልሱት አላለም። አማከለችም ሁለተኛውን ፍራሽ እንደታሰረ ጥግ አስደግፋ አቆመችው፤ እንግዳ እንኳ ቢመጣ አላነጠፈችውም።

በኅዳር መምህርት ፀደንያ የእነ ስንታየሁን ክፍል ልጆች የተራራችንን ሞዴል በፎም ንብርብር እንዲሠሩ አዘዘቻቸው። በካርታው ላይ ያሉት ቀለበት ቀለበት መስመሮች እያንዳንዳቸው አንድ ከፍታ ናቸው፤ መስመሩን ፎም ላይ ገልብጦ መቁረጥ፣ ሰፊውን ከታች ጠባቡን ከላይ እየደራረቡ ማጣበቅ ነው። ወላጆችም እንድናግዝ ተጠየቅን፤ ነገር ግን ዘመሮም ሞላሌም ብንጠይቅ ፎም የሚባል ጠፋ። አማከለች ይህን ስትሰማ ያን ፍራሽ ተሸክማ መጣች፤ ጓደኞቿ ይሥሩበት፣ እሷ እንደሆነ አልተኛችበትም ብላ አስቀምጣው ሄደች።

ስፖንጅ በምላጭ ሲቆርጡት እየሸሸ ያስቸግራል። ልጆቹ ግን የመንዝ ልጆች ናቸውና ውሃ አጠጥተው ሲመሽ ሜዳ ላይ አሰጡት፤ ጠዋት ውርጩ እንደ ጣውላ አጠንክሮት አገኘነው፤ ፀሐይ ሳታቀልጠው ጣታችን እየደነዘዘ ቆረጥነው። ሲደርቅ ተራራው ከወረደበት ቦታ አፈር አምጥተው፣ በኮላ ለውሰው ቀቡት። ከክብሪት ቀፎ ቤት ሠሩ፣ ከአሮጌ ክዳን የጓሳ ሣር መዝዘው ከደኑት። መምህርቷ ዛሬ ያለውን ብቻ አሳዩ ብትላቸውም፣ ቤት የሌለበት ቀጭን ውሃ የማን ቀጭን ውሃ ነው ብለው፣ ከታች ሦስተኛዋ ንብርብር ላይ የፈረሱትን ቤቶች በየቦታቸው አስቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል ሌላ ሆነ። የሰርካለም ቤት ከተቀመጠበት አጠገብ ስፖንጁ ይረግባል፤ በእጃችን ወደ ላይ አንሥተን ብንተወው፣ በማግሥቱ ሰው ያደረበት ይመስል ጎድጉዶ እናገኘዋለን። እኔ ጠንቋይ ቤት የምመላለስ ሰው አይደለሁም፤ እርጥበት ነው ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ሆኖም ብቻዬን እዚያ ክፍል መግባት ፈርቻለሁ፣ ይህንንም ለመናገር አላፍርም። ልጆቹ አልፈሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይማሩ ነበር።

አማከለች ሞዴሉን ልታይ የመጣች ዕለት ጣቷን በክብሪት ቀፎው ደጃፍ ላይ አሳርፋ፣ አንቺ ልጅ፣ እዚህ ነሽ ለካ ብላ ጮኸች፤ ያን ጊዜ ነው እርሟ የወጣው። መንደሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አለቀሰ። የነፍስ አባቷ አባ መልከ ጼዴቅም ወደፊት የሰርካለም ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ፍትሐቱ እንዳበቃ፣ ያቺ ንብርብር ከአባቷ መቃብር ጎን ተቀምጣ ድንጋይ እንዲከመርባት ፈቀዱ። ዲያቆናቱ ስፖንጅ እንዴት ይቀበራል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ፍትሐቱ ለነፍሷ ነው፣ ስፖንጁ ለእናቷ ነው ብለው ዝም አሰኟቸው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ሞዴሉን ለኤግዚቢሽን በአደራ ስለ ወሰዳችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። ተራራችን በፒካፕ ተጭኖ አስፋልት ያያል ብለን በሕልማችንም አላሰብን። እናቲቱን ሳትጠይቁ መውሰዳችሁም፣ ሐዘንተኛን በጥያቄ ላለማድከም በማሰብ እንደሆነ ተረድተናል።

ሁለተኛ፣ ከበላይ የሚመጣ እንግዳ ዓይን እንዳያዝን በማለት ያቺን ሦስተኛ ንብርብር በቢላ ፈልቅቃችሁ፣ የላዩን ከታቹ ጋር ስላጣበቃችሁት ጥበባችሁን እናደንቃለን። የመጀመሪያው መንሸራተት ብዙ ዝናብ ፈልጎ ነበር፤ የእናንተው አንድ ቢላ በቃው። ይህ ያጠረ ተራራ አካባቢን በትክክል በማሳየት ተብሎ መሸለሙንም ሰምተናል። የምስክር ወረቀቱ በክብር ደርሶናል፣ ልጆቹ ግን የማን ተራራ እንደሆነ አላወቁትም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይላል፣ ቢሆንም ልጻፈው። ንብርብሯን ልለምን ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ በክብር ተቀበሉኝ፤ ቁጭ በል አሉኝ፤ እርስዎም ተቀመጡ። የተቀመጡት በእሷ ላይ ነበር። የቀጭን ውሃ አፈር ከወንበሩ ጠርዝ ረግፎ ወለሉ ላይ ወርዷል፤ ከክብሪት ቀፎዎቹ የቀረው ኮላ በቀኝዎ በኩል ይታያል። ወገብዎን እንደሚያምዎ ነገሩኝ፤ እግዜር ይማርዎ። የመጣሁበትን ስነግርዎም፣ ስፖንጅ ነው እኮ፣ ሌላ እንገዛላችኋለን አሉ። ለቸርነትዎ እጅ ነሥቼ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ እንደ ሴት ልጅ አለቀስሁ።

አራተኛ ብዬ የጀመርሁትን ሰርዤዋለሁ፣ ስድብ ነበረ።

ክቡርነትዎ፣ ሙት ዓመቱ ደርሷል። ጠላው ተጠንስሷል፣ ካህናቱ ተጠርተዋል፣ ከአባቷ መቃብር ጎን ድንጋዩ ተሰብስቧል፤ የሚከመርበት ነገር ግን የለም። አማከለች ደግሞ ንብርብሯ መወሰዷን ከሰማች ወዲህ እንደገና ለሁለት ሰው መቁረስ ጀምራለች፤ የምንፈራው ይህን ነው። አዲስ ስፖንጅ አንፈልግም፤ አዲሱ ላይ ማንም አልሞተም። ወገብዎን የሚደግፍ ነገር ቢያስፈልግዎ ከበጎቻችን ሸልተን፣ ሱፉን ጠቅጥቀን፣ የጓሳ ሣር ከሥሩ አድርገን እንሠራልዎታለን፤ በመንዝ ብርድ ከዚያ የሚሻል መቀመጫ እንደሌለ እምላለሁ። የእኛን ብቻ ይመልሱልን። በራስዎ እጅ ቢያመጡት ደግሞ ከሐዘንተኛው ፊት ከፍ ያለ ቦታ እንሰጥዎታለን፤ ባያመጡትም ስምዎ በዚያ ቀን ሳይነሣ አይቀርም።

የሹመትዎን ዘመን ያርዝምልን፣ የወንበርዎንም ምቾት እሱ ባወቀ ይመርምርልን እያልሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ የምሰናበት፣

ፍቅረ ሥላሴ ወዳጆ፣
ከቀጭን ውሃ በላይ፣ ገና ካልተንሸራተተው ወገን።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ስንታየሁ ከሰርካለም ጋር በአንድ ዴስክ ትቀመጥ ነበርና፣ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቆማ መልእክት አድርስልኝ ብላኛለች። ከወንበሩ ሲነሡ ቀስ ብለው ይነሡ፤ ሰርካለም ድንገት ሲቀሰቅሷት ትደነግጣለች።