ናፍጣ የሆነው ዘይታችን

ውድ ባለቤቴ፣

ስልኩን ጆሮህ ላይ ከዘጋሁብህ አምስት ወር ሞላ። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም። ኩራቴን ታውቀዋለህ፤ አንተ ደግሞ ከኔ የባስክ ነህ። ዛሬ ግን ተሸነፍኩ። ናፍቀኸኛል። ከዚህ በታች ባለው ሁሉ ብትቆጣ እንኳ ይህችን ቃል አትርሳብኝ።

ደንቡ የወጣ ቀን ትዝ ይልሃል? የምትሠራበት ጋራዥ ተዘግቶ ከኔ ጋር ድንች ስትልጥ ከርመህ ነበር። ሬዲዮው ናፍጣ ላይ የምግብ ዘይት እንዲደባለቅ ታዟል፣ ፋብሪካም ይከፈታል ሲል ቢላዋህን ጥለህ ተነሳህ። «መካኒክ ይፈልጋሉ! አለፈልን!» ብለህ በድንች እጅህ ጉንጬን ያዝከኝ። እኔም አብሬህ ጮቤ ረገጥኩ። አየሩም ይጠራል፣ ገበሬውም ይጠቀማል ተባለ፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ግን ያ ሁሉ ዘይት ከየት ይመጣል ብለን አልጠየቅንም። ድንች ጠብሼ እየሸጥኩ የምኖር ሴት እንኳ አልጠየቅኩም።

አንተ ፋብሪካው ቀጥሮህ ወደዚያ ከሄድክ በኋላ ባለሱቁ መጀመሪያ ዋጋ ጨመረ፤ ቀጥሎ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ብቻ አለ። «ምን ላድርግ እህቴ፣ ፋብሪካው በጅምላ ስለሚወስደው አከፋፋዩ እኔን ዞር ብሎም አያየኝ» ይለኛል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሽንኩርቷን በውሃ ማቁላላት ጀመረች። ሰልፍ ላይ ከዘይት ሌላ ወሬ ጠፋ።

ከዚያ ያደረግኩትን ስትሰማ ትስቃለህ ወይ ታዝንብኛለህ። «በደከመ ዘይት ላይ አዲስ እንዳትጨምሪ፤ ሁለቱንም ታበላሺያቸዋለሽ» ትለኝ አልነበር? ላብቃቃው ብዬ ጨመርኩ። መጥበሻው አረፋ ደፈቀ፣ ድንቹ ጠቆረ። ልብስ ሰፊዋ አንዷን ቀምሳ ቀስ ብላ ወረቀቱ ላይ መለሰቻት። «እትዬ፣ እሱ ከሄደ ወዲህ እጅሽ ተለወጠ» አለችኝ። ዘይቱን ትታ አንተን ማንሳቷ አበሸቀኝ። ያን ዕለት ነው የደወልክልኝ። «ዘይቴን የሚጠጣው ያንተ ፋብሪካ ነው! ዘይት ሳይረክስ እንዳትመጣ!» ብዬ ዘጋሁብህ። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ይመስል። አንተ ብሎን ከማጥበቅ በቀር ምን አደረግክ?

ችግሩ የተባልከውን ቃል በቃል የምትይዝ ሰው መሆንህ ነው። ዘይት እስኪረክስ እየጠበቅክ ከሆነ እዚያው ትሸብታለህ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት የእንጨት ማንኪያውን እጀታ ዘይቱ ውስጥ ነክሬ፣ ዙሪያውን ሲፈላ «ደረሰ!» እላለሁ። ድንቹን የሚያቀብለኝ የለም። ትከሻህ ትከሻዬን ይገፋበት የነበረው ጠባብ ቦታ ሰፍቶብኛል። ቦታ በሰፋ ቁጥር ሰው ይመቸዋል ያለው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ሰውዬ በጭነት መኪና መጣ። «ይሄም ነዳጅ ይሆናል» ብሎ ጄሪካኔን አነሳ። ወዴት እንደሚወስደው ስጠይቀው ያንተን ፋብሪካ ጠራልኝ። የኔ የጠቆረ ዘይት አንተ ደጃፍ ድረስ ሊሄድ፣ እኔ እዚህ ልቀር!

«እኔንም ውሰደኛ» አልኩት።

«የምጭነው ዘይት ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«ከተቃጠለ ዘይት አነስኩብህ?»

ስቆ የፊት ወንበሩ ላይ የነበረውን ጆንያ አነሳልኝ። ያን ዕለት ግን መሄድ አልቻልኩም፤ ምን እንደምልህ አላውቅም ነበርና። ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።

እኔም ቅዳሜ ከጄሪካኖቹ ጋር እመጣለሁ። ዘይቱ አልረከሰም፤ የሚረክስም አይመስለኝም። በሩ ላይ ጠብቀኝ። ቅያሜህ ካልወጣልህ ዘይቱን ተቀበልና እኔን ወደ ቤቴ መልሰኝ፤ ግን አንተው ራስህ ይዘኸኝ ተመለስ።

ያንተው ድንች ጠባሽ