ምሽጉ ግድግዳ ላይ ያለው ፊቴ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሉጥፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ ትከሻህን ይዞህ የነበረው ብርድ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ሳብሪንስ እንዴት ናት? ሕፃኗስ ድክ ድክ ማለት ጀመረች? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። እማ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ልጄ ዋፋም በቁመት እኔን አልፋኛለች። ደህና ነን ብዬ ብቻ ብዘጋው ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆነም።

ያልደወልኩልህ ፈርቼ ነው። የስልኬን ሲም ካርድ አውጥቼ ጥዬዋለሁ። ያለነውም ገዳሪፍ ቤታችን ሳይሆን ድንበሩ አጠገብ ባሱንዳ፣ የአጎታችን የአብዱልናስር የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። ይህን ወረቀት ሾፌሩ አንዳርጋቸው መተማ ወስዶ፣ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል፤ ከዚያ እንዲያቃጥለው አስምዬዋለሁ።

ባለፈው ወር የላክህልኝን ፎቶ ታስታውሳለህ። የዘበኛ ልብስህን ለብሰህ፣ ከኋላህ ያ በባሕር የተከበበ የድሮ ምሽግ ይታያል። ቀድሞ እስር ቤት ነበር፣ አሁን ግን የዘመኑ ሠዓሊዎች ሥራ የሚታይበት ሙዚየም ሆኗል፣ ሰው በጀልባ እየመጣ ያያል ብለኸኝ ነበር። ሁለተኛው ፎቶ ላይ የውስጡን ግድግዳ የሞላው በቪዲዮ የሚታየው የኔ ፊት ነው። "እህቴ፣ የምጠብቀው አዳራሽ ውስጥ አንቺን አገኘሁ፤ ስለ ሰልማን ስትናገሪ ቆሜ አለቀስኩ" ብለህ ጻፍክልኝ። ስሜትህን ላለማደፍረስ አልነገርኩህም እንጂ፣ እኔስ ፎቶውን ወዲያው ከስልኬ አጠፋሁት።

ያቺ ፈረንጅ ሠዓሊ አምና ገዳሪፍ ስትመጣ የጠፉ ሰዎችን ቤተሰብ ነበር የምታነጋግረው። ፊትሽን ኋላ እሸፍነዋለሁ፣ ማንም አያይሽም አለችኝ በአስተርጓሚ። አምኜ የፊት መሸፈኛዬን፣ ኒቃቤን ገለጥኩላት። ከኒው ሀልፋ ስንመለስ የታጠቁ ሰዎች ሚኒባሱን እንዳስቆሙት፣ አንደኛው ባሌን ሰልማንን በክንዱ ይዞ እንዳወረደው፣ "ነጋዴ ነው፣ ተዉት" እያልኩ እንደጮህኩ፣ እሱም "አሁን ይመለሳል" ብሎ በሩን እንደዘጋብኝ ነገርኳት። ጓደኞቹ የጠሩትን የሰውየውን ስም፣ የጎደለች ጣቱንም ሳይቀር ነገርኳት። ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ላንተም ለእማም ያልነገርኳችሁ ግን ይህ ነው። ያ ሰው ሰልማን ከተወሰደ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ጀለቢያ ለብሶ ገዳሪፍ መጣ። ሱቄ ፊት ለፊት የእህል መጋዘን ተከራየ። ኒቃብ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ እማ "ዲኗ ጸናላት" ብላ ተደሰተች። በየጠዋቱ እየመጣ "ያ ኡኽቲ፣ ስኳር" ይለኝ ነበር፣ እህቴ ብሎኝ፤ እኔም እመዝንለት ነበር። ለምን አልሄድሽም ትለኝ ይሆናል። ሰልማን ቢመለስ የት ያገኘናል? ደግሞም አንድ ቀን የሰልማን ወሬ ከአፉ ያመልጠው ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ዋፋ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። "ዩማ፣ እናቴ፣ ዋላሂ አንቺ ነሽ! ፌስቡክ ላይ ነሽ!" ምሽጉን የጎበኘ ሰው ቀርጾ ለቆት ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት ሰውየው እንደ ልማዱ መጣ። ስኳሩን ሚዛኑ ዙሪያ አፈሰስኩት። "ባልሽ የት ነው የሚሠራው?" አለኝ። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። "ፖርት ሱዳን" አልኩት። ስኳሩን ተቀብሎ፣ "ድምፅሽን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ" አለኝ። ሉጥፊዬ፣ ፊቴን ስሸፍን ድምፄ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ገና መንገዱን ሳይሻገር ሱቁን ዘጋሁ። እማንና ዋፋን ይዤ ሰሊጥ ሊጭን የሚወርድ ባዶ ሎሪ ላይ ወጣን። መንገድ ላይ ሁሉንም ለእማ ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ይህን ሁሉ ጊዜ ስኳር መዘንሽለት?" አለችና እጄን ያዘች፤ እስክንደርስ አለቀቀችውም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ክብርኣብ በሰው እንደላከልን፣ በዚያው ቀን ሦስት ሰዎች መጥተው "ሐበሺያዋ የት አለች?" ብለዋል። ወደ ከሰላ ከተማ ሄዳለች አላቸው፤ አላህ ይጠብቀው። አሁን የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዋፋን የሰሊጥ ክምር ኋላ እደብቃታለሁ። እኔም እዚህ ሰው ሰላም ሲለኝ አንገቴን ብቻ ነው የምነቀንቀው፤ ዲዳ ናት ብለው የሚያዝኑልኝ አሉ።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ተደብቀህ የቪዲዮውን ሽቦ እንዳትነቅል፤ ሥራህንና የመኖሪያ ወረቀትህን ታጣለህ። አለቆችህ ፊት ቀርበህ በግልጽ ንገራቸው፤ ሠዓሊዋንም ያስጠሯት። ፊቴን ያንሱልኝ። ፌስቡክ ላይ ያለውም እንዲወርድ ይጣሩ። ድምፄንም ያጥፉትና ቃሉን ሌላ ሴት ታንብበው፣ እዚህ አገር ማንም የማያውቃት። ጨርሶ እንዝጋው ካሉህ ግን እንቢ በል። የሰልማን ስም፣ የተወሰደበት ቀንና መንገድ እዚያው ይቆይ። እኔ እዚህ ስሙን ጮክ ብዬ የምጠራበት ቦታ የለኝም።

እማ ግንባርህን ትስምሃለች፤ ዱዓዋም አይለይህም። ዋፋ ለአጎቴ ሰላም በይልኝ ብላለች። አብዱልናስርና ቤተሰቡም ናፍቀውሃል። ሳብሪንን እቀፍልኝ፣ ይህን ደብዳቤ ግን አታሳያት፤ ትደነግጣለች። ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ።

እህትህ ሰኪና
ባሱንዳ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.