አባዬ ስለ ኑሯችን ሲጠየቅ

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ ወሰንየለሽ፣ ሰላምታዬ ከጤና ጋር ይድረስዎ። ይህን ልጻፍ ወይስ ልተወው እያልኩ ሰነበትኩ፤ አባዬ እንዳልነግርዎ ከልክሎኛል።

አባዬ ኮምፒዩተር ይማርበት የነበረው ኮሌጅ ሳያስመርቀው ተዘጋ። የተማረበትን ብድር ግን ክፈል ይሉታል። መክፈል አቅቶኛልና ዕዳዬ ይሰረዝልኝ ብሎ ባንክራፕሲ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ የሶፋውን ዕዳ ሰረዘለት፤ የትምህርቱ የሚሰረዘው በጣም መቸገሩን ካስረዳ ብቻ ነው አሉት። ሶፋው ላይ ዛሬም እንቀመጣለን። ከትምህርቱ ምን ተረፈው?

ባለፈው ሳምንት የአበዳሪዎቹ ጠበቃ፣ ‹‹ኑሮ እንዴት ነው?›› ብላ ጠየቀችው። ክራባቱን አስተካክሎ፣ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም›› አላት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ እንዳለ ተረጎምኩት። ደስ ብሏት ጻፈችው።

ስንወጣ፣ ‹‹አባዬ፣ ለምን?›› አልኩት።

‹‹ታዲያ ለማላውቃት ሴት ላልቅስላት? ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣሽው?››

በጣም ተናደድኩ። እዚህ አገር ጨዋ ሰው ችግር የለበትም ማለት ነው?

ከጠበቃዋ ቢሮ፣ ከፌርፋክስ ሰፈር፣ ስንመለስ የአፓርትማችንን ደረጃ ትንፋሽ እያጠረው፣ እየቆመ ነው የወጣው። አሁን የሚተኛው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነው፤ አልጋው አልተመቸኝም ይላል። የፓርኪንግ ሥራውን ግን አሁንም ደብል፣ በቀን ሁለት ፈረቃ፣ ይሠራል።

ጋሼ ክፍሉን ይሳሙልኝ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አባዬን አይርሱት። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ነገ ዳኛው ፊት እንቀርባለን። የአባዬን መልስ እንዳለ እተረጉምና፣ ቢቆጣኝም፣ ቤት ውስጥ የማየውን ራሴ እናገራለሁ።

ልጅዎ እሌኒ